ሰላምታ የሚመልሰው ማሽን

ኅዳር 17 ቀን 2008፣ ዓርብ

ይሄን ደብተር የሰጠችኝ ማርያማዊት ናት። «አባባ፣ ቀልዱን እዚህ ይጻፉትና አፍዎን ትንሽ ያሳርፉት» አለችኝ። የልጅ ልጄ ናት። እናቷ ሐዋሳ ስለምትሠራ ከእኔ ጋር ፉሪ ትኖራለች፤ ሰበታ አንድ ብርድ ልብስ ፋብሪካ ውስጥ የኮምፒውተሮቹ ሐኪም ናት። እኔ ደግሞ ዕድሜዬን በሙሉ የውሃ ቆጣሪ ሳነብ የኖርኩ ሰው ነኝ። ከቁጥር በቀር ጽፌ አላውቅም። ይሁን፣ እንሞክረው።

ዛሬ ጠዋት ጎረቤቴ ዱቤ በአጥሩ ላይ አንገቱን አስግጎ እንደ ወትሮው ሰላምታውን አዘነበብኝ። «ኦቦ ተድላ፣ አካም ቡልተኒ? ነጋ ዳ? ኢጆሌን ነጋ? ሎን ነጋ? ኦላን ነጋ?» እንዴት አደርክ፣ ሰላም ነው፣ ልጆቹ ደህና፣ ከብቱ ደህና፣ ጎረቤቱ ደህና። ከብት የለኝም። ጎረቤቴም ራሱ ነው። መጨረሻ ላይ ደግሞ ከሌላ ሰው አፍ ሰምቼው የማላውቀውን ይጨምራል፦ «ደላን ነጋ?» አጥሩስ ደህና ነው?

«አጥሩ ደህና ነው፤ ቁንጫዎቹን ግን ረሳሃቸው» አልኩት።

«ያንተን ቁንጫ የፈጠረው ይጠይቀው» ብሎኝ ከብቶቹን እየነዳ ሄደ።

ልደታ ያለው ቤታችን ፈርሶ እዚህ ከመጣን ጀምሮ እንዲሁ ነን። አጥሩ የቆመበት የእሱ የጤፍ ማሳ ነበር። እሱ ሸጠ፣ እኔ ገዛሁ፣ ሁለታችንም ፈረምን። ታዲያ ይሄ ሰው በየጠዋቱ አጥር ምን ይሆንብኛል ብሎ ነው የሚጠይቀው?

ማርያማዊት አመሸች። በር ላይ ቆሜ ጠበቅኳት ማለት አይደለም፤ አየር ልቀበል ወጥቼ ነው።

ኅዳር 20፣ ሰኞ

ሚኒባስ ውስጥ የሰማሁት፦

«ጊንጪ ተነሥቷል፣ አምቦ ተነሥቷል፣ ቡራዩም ጎማ ነደደ አሉ።»

«ምን ይሁን ብለው ነው?»

«ማስተር ፕላኑ ይቅር ነዋ። አዲስ አበባ ሰፍታ ሰፍታ ገበሬውን ልትውጠው ነው።»

ረዳቱ ጣልቃ ገባና፦ «ከመዋጣችሁ በፊት ሂሳብ።»

ለዱቤ ነገርኩት። አልሳቀም። «ካርታው ላይ የእኔ ማሳ ምን ቀለም እንደተቀባ የሚያውቅ ሰው ይኖራል?» አለኝ። «ቢጫ ከሆነ ጉበትህን ተመርመር» አልኩት። ዛሬ ቀልዴ ጨው አጣ።

ማርያማዊት ፊቷ ጠቁሮ ገባች።

«ምን ሆንሽ?»

«ሥራ ተሰጠኝ።»

«ሥራ እንዲህ ፊት ያጠቁራል እንዴ?»

ነገሩ እንዲህ ነው። በረብሻው የተያዙ ልጆች በፋብሪካው መጋዘን ግቢ ውስጥ እጃቸውን አናታቸው ላይ አድርገው ተንበርክከው የሚያሳይ ፊልም ፌስቡክ ላይ ወጥቷል። አለቃዋ አቶ አለሙ፣ ፊልሙ ከጥበቃ ካሜራችን ተወስዶ በራሳችን ኔትወርክ ነው የወጣው ይላል። ስለዚህ ሳይፈቀድለት ፋይል የሚያስተላልፍ ሰርቨር ካለ እሷ ፈልጋ ታግኝ። የተገኘበት ሰው ተጠያቂነቱ ለፋብሪካው ብቻ አይሆንም።

«እንዴት ነው የሚፈለገው?»

«እያንዳንዱ ኮምፒውተር እንደ ቤት ቁጥር አለው፣ አባባ። እያንዳንዱ ቤት ደግሞ ብዙ በር። ፋይል የሚተላለፍበት በር ብዙ ጊዜ ሃያ አንድ ቁጥር ነው። እኔ ቤቱን ሁሉ እየዞርኩ ሃያ አንደኛውን በር አንኳኳለሁ።»

«ካልከፈቱልሽስ?»

«አልፋለሁ። ሰርቨር ካለ ግን ራሱ ከፍቶ ‹እንኳን ደህና መጡ፣ እኔ እከሌ ነኝ› ይላል።»

«ሳይጠየቅ?»

«ሳይጠየቅ።»

«ይሄን ሁሉ ዘመን በር ሳንኳኳ እንዲህ ያለ ቤት አንድም አልገጠመኝ። ለእኔ ሲመልስልኝ የኖረው ውሻ ነው» አልኳት። ሳቀች። ዛሬ የሠራሁት ቁም ነገር እሱ ብቻ ነው።

ኅዳር 24፣ ዓርብ

መንገድ ተዘጋ። ከዓለም ገና ጀምሮ በእግሯ መጣች፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ። ወርቅቱ አብራት ነበረች። ወርቅቱ የዱቤ ልጅ ናት፣ እዚያው ፋብሪካ ዕቃ ግምጃ ቤት ትሠራለች። ሁለቱ በአጥሩ ቀዳዳ ሲሾልኩ ነው ያደጉት። ቀዳዳውን በቆርቆሮ ደፍኜዋለሁ፤ ደግሜም ደፍኜዋለሁ።

ቁርጥማቴ ተነሣ። ከመቆም ነው።

ኅዳር 27፣ ሰኞ

«መዓት በር ተከፈተልኝ» አለች ማርያማዊት ገና ቦርሳዋን ሳታወርድ።

ለካስ ፕሪንተሮቹ ናቸው። ፕሪንተር ከተሠራበት ጀምሮ ያንን በር ከፍቶ ነው አሉ የሚመጣው። ማንም አያውቅ፣ ማንም አይዘጋው። የጣት አሻራ የሚወስደው ማሽንም ክፍት። የካሜራዎቹ መቅረጫ ራሱ ክፍት ሆኖ ነው የከረመው። የአቶ አለሙ ፕሪንተር ሳይቀር።

«እሱን ያዙት» አልኳት።

«ነገርኩት እኮ። ‹ፊልሙን ማንም ሊወስደው ይችል ነበር፣ ችግሩ የእኛ የቤት አያያዝ ነው› አልኩት። ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ‹ማሽን አምጪ አላልኩሽም፣ ሰው ነው የምፈልገው።›»

ከዚያ በኋላ ራት አልበላችም። እኔም አልበላሁም፤ እኔ ግን ቀድሜ ዳቦ ነገር ቀማምሼ ስለነበር ነው።

ኅዳር 30፣ ሐሙስ

ዛሬ ረጅም ልጽፍ ነው፤ ሳቁ አላስተኛ ብሎኛል።

ራት ላይ ማርያማዊት ኮምፒውተሯን ገጭ አደረገችና «አባባ፣ አንዱን በር ባንኳኳው ምን አለኝ መሰለዎት?» አለች።

«ሂሳብ?»

ስክሪኑን አዞረችልኝ። በቁቤ የተጻፈ ነው፤ እሷ ቀስ እያለች አነበበችው። አካም ቡልተኒ። ነጋ ዳ። ኢጆሌን ነጋ። ሎን ነጋ። ኦላን ነጋ። ደላን ነጋ።

ጉርሻዬ አፌ ሳይደርስ ቆመ። ከዚያ እንባዬ እስኪወርድ ሳቅኩ። አጥሩን የሚጠይቅ ማሽን። ዱቤ በሽቦ ውስጥ ገብቶ ሰበታ ደርሷል።

ማሽኑ ዕቃ ግምጃ ቤት ያለ አሮጌ ኮምፒውተር ነው። ወርቅቱ የህንድ ፊልምና ዘፈን ሰብስባ ለሥራ ባልደረቦቿ የምታካፍልበት። እንደዚህ ያለ ሰርቨር ሲከፈት የሰላምታ ቃል የሚጻፍበት ባዶ ቦታ አለ፤ ሰው ሁሉ ሳይሞላው ያልፈዋል። «እሷ ግን ሰላምታ የሌለው በር ለሰው መክፈት ነውር መስሏት ነው» አለች ማርያማዊት።

«የዱቤ ልጅ አይደለች? ምን ታድርግ።»

አብራኝ ስትስቅ ቆየችና በመሀል አቋረጠችው። ያ ፊልምም እዚያ ውስጥ ተገኝቷል። ማን እንዳስቀመጠው አይታወቅም፤ በሩ ለሁሉም ክፍት ነው፣ ያለ ይለፍ ቃል። ግን አቶ አለሙ የሚፈልገው ሰው ነው፣ ይሄ ሰላምታ ደግሞ ከመታወቂያ አይተናነስም።

«ወርቅቱን ሳገኛት በጆሮዋ እነግራትና ትዘጋዋለች። ሪፖርቱ ላይ አላስገባውም። አባባ፣ ይሄን ለማንም እንዳይናገሩ።»

«እኔ?»

«እርስዎ።»

በቅዱስ ሚካኤል ማልኩላት።

ታኅሣሥ 2፣ ቅዳሜ

ፋብሪካው በመንገዱ ምክንያት ዛሬም ዝግ ነው። ወርቅቱ ተፍኪ አክስቷ ዘንድ ሄዳ መመለሻ አጥታለች። ማርያማዊት «በስልክ የሚነገር አይደለም» ብላ መምጫዋን ትጠብቃለች።

ከሰዓት በኋላ ከሰለሞን ጋር በር ላይ ፀሐይ ሞቅን። ሰለሞን የኋለኛዋን ክፍል የተከራየኝ ነው፤ የዚያው ፋብሪካ የጥበቃ ኃላፊ። ለቀልድ እንደ እሱ የሚመች ሰው አልተፈጠረልኝም፤ ሲስቅ ጉልበቱን ይመታል። ዱቤ ሲያልፍ አየና «የእኚህ ሰውዬ ሰላምታ መቼ ነው የሚያልቀው?» አለኝ። የጀመረው እሱ ነው። እኔ የዱቤን ድምፅ አወጣሁለት፣ ከከብቱ እስከ አጥሩ። ጉልበቱን መታ። «ዘንድሮማ ማሽንም እንዲህ ማለት ጀምሯል» አልኩት። ስም አልጠራሁም። ቦታም አልጠራሁም። በጣም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን ገታ አድርጎ «የመጨረሻዋን እስቲ ይድገሙልኝ» አለኝ።

ደገምኩለት።

ስም አልጠራሁም።

ታኅሣሥ 5፣ ማክሰኞ

ወርቅቱን ወሰዷት። ገና ሥራ እንደገባች፣ ማርያማዊት ሳታገኛት። ኮምፒውተሩንም ጭነው።

ከአጥሩ ማዶ ልቅሶ ጠበቅኩ። የለም። በር ሲከፈትና ሲዘጋ ብቻ ነው የሚሰማው።

ማን ነገራቸው?

ታኅሣሥ 9፣ ቅዳሜ

ዱቤ ከብቶቹን ነድቶ አለፈ። አካም የለ፣ ነጋ የለ። አንገቱን እንኳ ወደዚህ አላዞረም። እኔ ቀድሜ «አካም ቡልተኒ» አልኩት። ላሟ ዞራ አየችኝ።

ልጁ የት እንዳለች አልተነገረውም። አንዱ ጣቢያ «ሌላው ጋ ጠይቅ» ይለዋል። ሰበታ፣ ዓለም ገና፣ ቡራዩ፣ እንዲህ ሲያዞሩት ሰነበተ።

ማርያማዊት ራት ስታቀርብ ሳታየኝ ጠየቀችኝ።

«አባባ፣ ለሰው ተናግረዋል?»

«ስም አልጠራሁም» አልኳት።

ሳህኑን አስቀመጠች። እሷ እኮ የጠየቀችኝ ተናግረዋል ወይ ብላ ነው። እኔ የመለስኩት ሌላ ነው። ይሄንን አሁን ስጽፈው ነው ያየሁት፤ እሷ ያኔውኑ አይታዋለች።

«ሲቀልዱ ሰው መሳቅ ብቻ አይደለም የሚያውቀው» አለችኝ። «ይሰማልም።»

ታኅሣሥ 14፣ ሐሙስ

ሰለሞን ፍራሹን ጠቅልሎ በር ላይ አገኘሁት። ሰበታ ከተማ ቤት አግኝቷል።

«እንዲያው በደህናህ ነው?»

«ለሥራው ይቀርበኛል፣ አባባ።»

«ሰለሞን፣ ያቺን ቀልድ…»

«እኔንም ጠይቀውኝ ነው» አለ ቶሎ። «ሦስት ልጅ አለኝ። ‹ዕቃ ግምጃ ቤቱ ማሽን ላይ የተጻፈው ይሄ የማን ሰላምታ ነው?› አሉኝ። እርስዎ ባይነግሩኝ አላውቀውም ነበር፣ ባላውቀው ደግሞ አልናገረውም ነበር።»

ልቆጣው አፌን ከፈትኩ። ፍራሹን በአንድ በኩል ይዤ እስከ ጋሪው አደረስኩለት። ለምን እንደያዝኩለት እንጃ።

ታኅሣሥ 20፣ ረቡዕ

ማርያማዊት ከዚያ ቀን ወዲህ ከ«ራት ቀርቧል» በቀር አላናገረችኝም ነበር። ዛሬ መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች።

ከገና በኋላ ከአዲስ አበባ ባለሙያዎች መጥተው ኔትወርኩን ራሳቸው ሊያንኳኩ ነው። በወርቅቱ ላይ ያለው ማስረጃ ያ ሰላምታ ነው፤ ከዕቃ ግምጃ ቤቱ በቀር በፋብሪካው ውስጥ እንዲህ የሚል ማሽን የለም፣ ከአባቷ በቀርም እንዲህ የሚል ሰው የለም።

«ማሽኑ ተወስዷል፤ የኦቦ ዱቤን ሰላምታ በደንብ ይንገሩኝ፣ ቃል በቃል» አለችኝ። «አንድ ፊደል መሳት የለበትም።»

በዱቤ ድምፅ ልጀምር ነበር፤ ልማድ ነው። አፈርኩና በራሴ ድምፅ ነገርኳት። ጻፈች። ለምን እንደፈለገችው አልጠየቅኩም። በዚህ ዕድሜዬ አለመጠየቅ መማሬ ነው።

ስትነሣ «ሥራዬን ብለቅ ምን ይላሉ?» አለችኝ።

«አየር እየተቀበልኩ መቆሙ ይቀርልኛል» አልኳት።

ፈገግ ያለች መሰለኝ። ጨለማ ስለነበር እርግጠኛ አይደለሁም።

ታኅሣሥ 28፣ ገና

በየዓመቱ ቅርጫው የሚከፋፈለው ዱቤ ግቢ ነበር። ዘንድሮ በሬ አልታረደም። እኔና ማርያማዊት ሽሮ በልተን «እንኳን አደረሰሽ»፣ «እንኳን አደረሰዎት» ተባባልን።

ከሰዓት በኋላ ወደ ዱቤ ሄድኩ። በአጥሩ አይደለም፣ ዞሬ በዋናው በር። አንኳኳሁ። ራሱ ከፈተ። ከስቷል፤ ጋቢው ሰፍቶታል። «ግባ» አላለኝም፣ «ሂድ»ም አላለኝም።

ነገርኩት። የነገርኩትን እዚህ አልደግመውም፤ እሱ ሰምቶታል፣ ይበቃል። ስጨርስ እግሬን አየ።

«በእኔ ድምፅ ነው የተናገርከው?» አለኝ።

«አዎ።»

«እንዴት አድርገህ?»

ሊያቃልለኝ መስሎኝ ቀና ብዬ ሳየው፣ ሰውዬው የእውነቱን ነው የሚጠይቀኝ። አላወጣሁለትም። አንገቴን ደፋሁ። በሩን ቀስ ብሎ ዘጋው። ቢወረውረው ይሻለኝ ነበር።

ጥር 5፣ ሐሙስ

ሬዲዮው ማስተር ፕላኑ እንዲቆም መወሰኑን ተናገረ። መንደሩ በሙሉ ደጅ ወጥቶ ያወራል። «እውነት ነው?» «ሬዲዮ ነው ያለው።» «ሬዲዮ ስንቱን ብሏል።» ዱቤ ከማሳው ዳር ቆሞ ነበር፣ ለብቻው። መሬቱ ቀረለት። ልጁስ?

ማርያማዊት ገብታ ጫማዋን ሳታወልቅ አልጋዬ ጫፍ ላይ ቁጭ አለች። ባለሙያዎቹ መጥተው ነበር። ሁለት ናቸው። አቶ አለሙ ከጎናቸው ቆሞ «አሁን ታያላችሁ» እያላቸው ማንኳኳት ጀመሩ።

የሂሳብ ክፍሉ ኮምፒውተር ተከፈተና «አካም ቡልተኒ» አለ። የሽያጭ ክፍሉም። የጥበቃ ክፍሉም፣ ያ የሰለሞን ጠረጴዛ ላይ ያለው። በየቢሮው ያለው ሁሉ ተራ በተራ ስለ ልጅ፣ ስለ ከብት፣ ስለ ጎረቤትና ስለ አጥር ጠየቃቸው። መጨረሻ ላይ የአቶ አለሙ የራሱ ኮምፒውተር።

«አቶ አለሙ ምን አለ?»

«‹ከብት የለኝም› አለ።»

ሳቅ አፈነኝ፤ እሷ ግን አልጨረሰችም። ከባለሙያዎቹ አንዱ፣ ጠና ያለው፣ ሰላምታውን ድምፁን አውጥቶ ሲያነብ ቆየና «ደላን ነጋ?» የሚለው ላይ ሲደርስ «ነጋ» ብሎ መለሰ። ለማሽን። ያፍራል ብላ ጠብቃ ነበር፣ አላፈረም። ኮምፒውተሩን ከደነና «በዚህ ሰው አይያዝም» አለ። «ይሄማ ሰላምታ ነው። ሰላምታው የአንድ ሰው ነው ካላችሁ፣ ቤቱ ሁሉ የእሷ ነው ልትሉ ነው።»

«አንቺንስ?»

«አቶ አለሙ የሥራ መታወቂያዬን ተቀበለኝ።»

ሻይ አፈላሁላት። ስኳሩን አበዛሁት መሰለኝ፤ ሳትናገር ጠጣችው።

ጥር 9፣ ሰኞ

ወርቅቱ መጣች። ፀጉሯ አጥሯል። በቤታቸው ዋና በር ገባች፣ ሰው ደግፏት።

በባለሙያው ቃል ይሁን በሬዲዮው፣ ወይም ተራዋ ደርሶ፣ የሚነግረን የለም። አቶ አለሙ ዛሬም ሰው ነው አሉ የሚፈልገው።

ማርያማዊት ሮጣ አጥሩ ጋ ደርሳ ቆመች። ቀዳዳው ተደፍኗል። ዞራ ሄደች።

እሷ ስትሄድ ቆርቆሮውን ነቀልኩት። ዝጎ ነበር፣ ለማንም አይጠቅምም።

ጥር 12፣ ቃና ዘገሊላ

በጠዋት በር ላይ ነበርኩ። የታቦቱን መመለሻ ለማየት ነው። ታቦቱ ከረፋድ በፊት እንደማይንቀሳቀስ አውቃለሁ።

ዱቤ ከብቶቹን ሳይነዳ ባዶ እጁን መጣና አጥሩ ጋ ቆመ። ጉሮሮውን ጠረገ።

«ኦቦ ተድላ፣ አካም ቡልተኒ?»

ደህና አደርኩ አልኩት።

«ነጋ ዳ?»

«ነጋ።»

«ኢጆሌን ነጋ?»

«ነጋ፣ ያንተስ?» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። እንቅልፍ ላይ ናት፣ ከመጣች መተኛቷ ነው አለኝ። ከዚያ ከብቱን ጠየቀኝ። ደህና ናቸው አልኩት፤ የሌሉኝን ላሞች አንድም ሳላስቀር። ጎረቤቱን ጠየቀኝ። «እሱን አንተ ታውቃለህ» አልኩት።

የቀረው አጥሩ ነው። እጁን አጥሩ ላይ ጫነ፣ ቆርቆሮው የነበረበትን አየ። እኔ ጠበቅኩ። ዛሬ መልሱን አዘጋጅቼ ነበር።

«ቁንጫዎቹስ?» አለኝ፣ በአማርኛ።

ዱቤ አልቸኮለም፤ ሰላምታ እስኪመለስለት መቆም ለምዷል።

«ደህና ናቸው» አልኩት በመጨረሻ። «አጥሩ ግን አሞታል።»

«አይቼዋለሁ» አለ።

በወጉ ዋናውን በር ልከፍትለት ብነሣ፣ እሱ ጋቢውን ሰብስቦ፣ ጎንበስ ብሎ በቀዳዳው ገብቷል።